«ለቀቀኝ» ብላ ስትስቅ

ንግግር አይሆንልኝም። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁት አንገቴን የምደፋ ልጅ ነበርሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ውጤት አልመጣልኝም፤ መካነ ሰላም፣ ከእህቴ ከዘምዘም ጨርቅ ቤት ገባሁ። ጣቃ አወርዳለሁ፣ እጠቀልላለሁ፣ ሰው ሲበዛ እኔም እለካለሁ። የምትናገረው እሷ ናት። የእሷ አፍ ለሁለታችንም ይበቃ ነበር።

አንድ ቀን ግን የግድ መናገር ነበረብኝ። የምጽፈው ስለዚያ ቀን ነው።

መጀመሪያ ስለ ወንድሜ። አሳጥሬ ልበለው፤ እዚህ ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። አያ ሙሄ እለው ነበር። ከዘምዘም በታች፣ ከእኔ በላይ። ወረኢሉ ገበያ በሬና በግ እየገዛ ይሸጥ ነበር። ባለፈው ዓመት እዚያው ወረኢሉ፣ በእንግድነት ባረፈበት ቤት፣ ሆዱን ያዘው። ሲገላበጥ ዋለ አሉ። ከዚያ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ድምፁ ደክሟል፣ ግን ይስቃል።

«እንድሬ፣ ለእማ ንገራት፣ እንዳትጨነቅ። ለቀቀኝ።»

«ምንህን ይዞህ ነበር?» አልሁት።

«ሆዴን ነዋ። ሲወጋኝ ዋለ፤ አሁን እንደ ሰው እጅ ልቅቅ አደረገኝ። ነገ እመጣለሁ።»

በነጋታው መጣ። በጭነት መኪና፣ በጋቢ ተጠቅልሎ።

ለእማ የነገርኋት «ተሻለው» ብዬ ነበር። «ለቀቀኝ» ያለውን ቃል ከእኔ በቀር የሰማ አልነበረም። ለቅሶ ላይ አንዱ «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ፤ ሌላው «ዓይን ነው» አለ። የሚያውቅ ግን አልነበረም። ወንድምህን መቅበር አንድ ነገር ነው። ምን እንደገደለው ሳታውቅ ከመቃብር መመለስ ደግሞ ሌላ ነው። ይኸኛው ከልብ አይወጣም። እኔም ከድሮው የባሰ ዝም አልሁ።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልምጣ።

የገበያ ቀን ነበር። ዘምዘም ከገጠር ከመጣች ሴት ጋር ክርክር ይዛለች።

«ምነው እትዬ፣ ዋጋው ላይ ጨከንሽብኝ?» ትላለች ሴትዮዋ።

«ጨክኜ ነው? ወላሂ ከዚህ በታች ብሸጥልሽ ባሌ ከጨርቁ ጋር ጠቅልሎ ይሸጠኛል!»

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ተስማሙ። ዘምዘም ጨርቁን ዘርግታ መለካት ጀመረች። መሀል ላይ ቆመች። እጇ ጨርቁን እንደያዘ ነው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እታለም?» አልኋት። ታላቅ እህቴ ናት፤ በስሟ አልጠራትም።

ቀስ ብላ ጎንበስ አለች፣ ከዚያ ጣቃው ላይ ተደፋች። ከትናንት ጀምሮ «ትንሽ ቁርጠት ቢጤ» ስትል ነበር፤ ምሳም እራትም አልበላችም። አሁን ግን ቁርጠት አልነበረም። ጨርቁን በጥርሷ ነክሳ ታቃስታለች።

«ፌጦ ስጧት!» አለ አንድ ደንበኛ።

«ጀርባዋን እሹላት!» አለ ሌላው።

ጨርቅ ስትገዛ የነበረችው ሴት ነጠላዋን አጣፍታ «ባጃጅ ጥራ አንተ ልጅ! ምን ያፈዝዝሃል?» ብላ ጮኸችብኝ። ደግ አደረገች። ፈዝዤ ነበር። ሆድ የሚባለውን ነገር ከዓመት ወዲህ እፈራዋለሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ ባሏ ጋሽ ከማል ከመሬት አስተዳደር ቢሮ እየሮጠ መጣ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ሆዷን እዚህም እዚያም ጫን ጫን አደረገ።

«እዚህ ያምሻል? እዚህስ?»

«ወደ ጎኔ ነው፣ ወደ ኋላ... ወይኔ! አዎ፣ እዚያ! እጅህን አንሣ ልጄ፣ በነቢ!»

ደምና ሽንት ተወሰደ። እርግዝና እንደሌለ ታየ። ከዚያ አልትራሳውንዱን ሆዷ ላይ አዞረ፣ መልሶ አዞረ። ግንባሩን ቋጠረ።

«አንጀቷ ጋዝ ሞልቷል። ከበስተኋላው ያለው አይታየኝም» አለ።

«ዶክተር» አለች ዘምዘም ዓይኗን ጨፍና፣ «ጋዙ ነው ወይስ ስቤ ነው የጋረደህ? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቀየምህም።»

ሳቁ አመለጠው። እኔ ግን አልሳቅሁም። አያ ሙሄም እየቀለደ ነው የሄደ።

ዶክተሩ እኔንና ጋሽ ከማልን ወደ ጎን ወሰደን። «የምጠረጥረው ሦስት ነገር ነው» አለን። «የኩላሊት ጠጠር፣ የሐሞት ከረጢት፣ ወይም ትርፍ አንጀት። አንዱ በመድኃኒት ይታከማል፣ ሌላው በአስቸኳይ ይከፈታል። በግምት ሆድ አይከፈትም፤ በግምትም ዝም አይባልም። ሲቲ ስካን ያስፈልጋታል። ደሴ ትሂድ፣ አሁኑኑ።»

«ሲቲ ስካን ራጅ ነው?» አለ ጋሽ ከማል።

«በራጅ ጨረር ነው የሚሠራው። ግን ራጅ ሁሉን አንድ ላይ ደራርቦ ነው የሚያሳይ። ይኸኛው ሆድን እንደ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ ቆራርጦ ያሳያል።»

«ቆራርጦ?» የሚል ድምፅ ከአልጋው መጣ።

«በሥዕል ነው እህቴ፣ በሥዕል!»

የማስታገሻ መርፌ ወጋት። ወደ እኔ ዞሮ «አፏ ምንም አይግባ፤ ውኃም ቢሆን። ሆዷን ማንም እንዳያሸው» አለኝ። ለምን ለእኔ እንዳለኝ አላውቅም። ምናልባት ዝም ብዬ ስለማዳምጥ ይሆናል።

አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ሊያመጣ ገጠር ወጥቶ ነበር። ጋሽ ከማል ታደሰን ጠራ። ታደሰ ሚኒባስ ነጂ ነው፣ ጎረቤታችን፤ ከዘምዘም ጋር ሲነታረኩ ያደጉ ናቸው። ተሳፋሪዎቹን አስወርዶ መጣ። የኋላውን ወንበር በጣቃ ጨርቅና በትራስ አነጠፍንላትና ወጣን።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በየጉድጓዱ ዘምዘም ትጮሃለች።

«ታዴ! ሰው ነው የጫንህ በቆሎ ነው?»

«ጉድጓዱን እኔ አልቆፈርሁትም ዘሙ! በነቢ ይዤሻለሁ፣ አትርገሚኝ!»

«አንተ ክርስቲያን አይደለህ እንዴ? በነቢ ምን አገባህ?»

«ወሎዬ ነኛ!»

ጋሽ ከማል ራሷን ጭኑ ላይ ይዞ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ነው። እኔ ከእግሯ በኩል ተቀምጬ ፊቷን አያለሁ። ስትጮህ ይሻለኛል። የምትጮህ ሰው አለች ማለት ነው።

አቀስታን አልፈን ወደ ጉጉፍቱ ስንወጣ ጉሙ ገባ። ብርዱ በመስኮቱ ሥር ይነክሳል። ታደሰ መብራት አብርቶ ይጎተታል። ድንገት አንድ ነገር ጎደለኝ። ድምፅ። ጉድጓድ ገባን፣ አልጮኸችም። ሌላ ጉድጓድ ገባን፣ አልጮኸችም።

«እታለም?»

ዓይኗን ገለጠች። ፊቷ ረጥቧል። እጇን ወደ ጎኗ ሰደደችና ዳሰስ አደረገችው፤ እንደ ሌባ፣ በቀስታ። ከዚያ ሳቀች።

«ለቀቀኝ» አለች።

እግሯን ጨብጬ ያዝሁ።

«ምን አልሽ?» አለ ጋሽ ከማል።

«ለቀቀኝ! ወላሂ ለቀቀኝ፣ ከማል! አሁን፣ አሁን፣ እንዲህ...» ጣቷን ጨብጣ ዘረጋችው። «እንዲህ አደረገኝ።»

«አልሀምዱሊላህ!» ጋሽ ከማል እንባው መጣ። «አልሀምዱሊላህ! መርፌው ሠራ!»

ታደሰ ክላክሱን አስጮኸው። «ዘሙ! ነግሬሽ ነበር እኮ፣ መኪናዬ ጠበል ናት!»

ጉጉፍቱ ላይ ሻይ የሚሸጥበት ደጃፍ ቆመ። ሁሉም ሳቁ፣ ሁሉም ተናገሩ። በአገራችን ሕመም ሲለቅ ሕመምተኛ ይሞቀዋል፣ አፉን በትኩስ ነገር ያርሳል፤ ዱዓ የተቀበለው ጌታ ይመሰገናል። ጋሽ ከማል ወርዶ ስኳር የበዛበት ሻይ ይዞ መጣ።

«ጠጪ እናቴ። ከዚያ ቀስ ብለን እንመለሳለን። በዚህ ጉም ደሴ ድረስ ምን ያንገላታናል? ታዴ፣ አዙር።»

«አዞራለሁ» አለ ታደሰ። መሪውን መጠምዘዝ ጀመረ።

ልናገር ፈለግሁ። አፌ ከፈት አለ። ምንም አልወጣም። ብርጭቆው ከከንፈሯ ደረሰ።

ነጠቅኋት።

ሻይው እጄን አቃጠለው፣ ወንበሩ ላይ ፈሰሰ። ባለሻይዋ ሴት ከደጃፍ «ኧረ ይኸ ልጅ ምን ነክቶታል! ከታመመ ሰው እጅ ሻይ ይነጠቃል?» አለች።

«እንድሪስ!» አለ ጋሽ ከማል። በሙሉ ስሜ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። «አብደሃል?»

«ዶክ... ዶክተሩ አፏ ምንም አይግባ ብሏል።»

«ሲያማት ነዋ! አሁን ለቀቃት እኮ!»

«ስልክ ደውልለት። ዶክተሩን ጠይቀው።»

ጋሽ ከማል ስልኩን አውጥቶ ወደ ላይ አነሣው። በመስኮት አወጣው። «መስመር የለም» አለ። ቁጣው በረድ አለ፤ ትከሻዬን ያዘኝ። «ስማኝ እንድሬ። ፈርተህ ነው። ሁላችንም ከሙሄ ወዲህ እንፈራለን። ግን እያት፣ ትስቃለች እኮ።»

አየኋት። እውነት ትስቃለች። የደከመ ሳቅ። ያንን ሳቅ በስልክ ሰምቼዋለሁ።

«አያ ሙሄም... » አልሁ። ቆመብኝ። እንደገና ጀመርሁ። «አያ ሙሄም ለቀቀኝ ብሎኝ ነበር።»

የታደሰ እጅ መሪው ላይ ቆመ።

«ደውሎልኝ ነበር። ከወረኢሉ። ሲወጋኝ ውሎ አሁን ልቅቅ አደረገኝ አለኝ። እንደ ሰው እጅ። ይስቅ ነበር። ነገ እመጣለሁ አለኝ። እኔ... እኔም ደስ አለኝ። መጣ፤ አያችሁት እንዴት እንደመጣ።»

ታደሰ መሪውን እንደያዘ በመስታወት ያየኛል። ጋሽ ከማል እጁን ከትከሻዬ አነሣ። መርፌው ሊሆን እንደሚችል እኔም አውቃለሁ። ምንም ላይሆን ይችላል። ደሴ ደርሰን ይስቁብን ይሆናል። ይህን ሁሉ ልል ፈልጌ ነበር። ያወጣሁት ግን ይህን ብቻ ነው፤ «ይሳቁብን። አይተው ይሳቁብን።»

ዘምዘም ጣሪያውን አየች። ሳቋ ጠፍቷል።

«ታዴ» አለች።

«እመት።»

«ምን ትጠብቃለህ? ንዳው።»

ንዳው ስትለው ነዳው! ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በዓይኔ የለም፤ በጆሮዬ ብቻ ነው ያለው። ክላክስ፣ ጠጠር፣ የታደሰ «ዞር በሉ፣ በማርያም፣ በነቢ፣ በሁሉም ዞር በሉ!» ደሴ መግቢያ፣ ጢጣ ላይ ስንደርስ ዘምዘም መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጥርሷ ይጋጫል። ግንባሯን ስነካው እንደ ምድጃ ይፋጃል። ሕመሙ ተመለሰ፤ አሁን በጎኗ ብቻ አይደለም፣ ሆዷን ሁሉ ይዞታል። ጋሽ ከማል አየኝ። እጄን ጨበጠው፣ የተቃጠለውን። አልጮህሁም።

ደሴ፣ የጦሳ ተራራ ከላይ ጉም ለብሶ፣ ገባን። ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ታደሰ እኔ ከመውረዴ በፊት ወርዶ «ሕመምተኛ! ሕመምተኛ!» ይላል፤ ጋሪ አልጋ ገፍተው መጡ።

የተቀበለችን ዶክተር ጎልማሳ ሴት ናት፣ ንግግሯ ፈጣን ነው። የመካነ ሰላሙን ወረቀት አነበበች፣ ሆዷን ነካች። ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቋል።

«ቀጥታ ሲቲ ስካን» አለች። ወደ ዘምዘም ጎንበስ ብላ «እርጉዝ አይደለሽም አይደል?» አለቻት።

«ብሆን ኖሮ ይኸ ባሌ በመካነ ሰላም ከበሮ ያስመታ ነበር» አለች ዘምዘም ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። መሣሪያው ትልቅ ነጭ ቀለበት ነው፣ መሀሉ ባዶ፤ አልጋው በዚያ ባዶ ውስጥ ይገባል። የጆሮ ወርቋን አውልቃ ለጋሽ ከማል ሰጠችው። «ብሞት ለሌላ ሚስት እንዳትሰጠው» አለችው። ባለሙያው በእጇ ደም ሥር መድኃኒት የሚገባበትን ነገር እያሰረ ይነግራታል።

«መድኃኒቱ ሲገባ ሰውነትሽ ይሞቃል። የሸናሽ ይመስልሻል። አልሸናሽም፣ አትደንግጪ። ትንፋሽሽን ያዢ ስልሽ ያዢ።»

ወጥተን በሩ ተዘጋ። በመስታወት በኩል አልጋው ቀስ ብሎ ሲገባ አየሁ። የባለሙያው ድምፅ በማጉያ «ትንፋሽ ያዢ» አለ። ቀለበቱ ውስጥ የሆነ ነገር ጉርርር ብሎ ዞረ። «ተንፍሺ።» አለቀ። ይኸው ነው! ከመካነ ሰላም ደሴ የመጣንበት ነገር ሻይ ከማፍላት አነሰ። ከውስጥ የዘምዘም ድምፅ መጣ።

«እንድሬ! ሰውዬው እውነቱን ነው! የሸናሁ መሰለኝ!»

ዶክተሯ ኮምፒዩተሩ ላይ ቆማ ታያለች። እኔ በሩ ላይ ነኝ። እንዴት እንደደፈርሁ እንጃ፣ «እኔም ልየው?» አልኋት። ዞራ አየችኝ፤ ምን እንዳየችብኝ እንጃ፣ «ና» አለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። የእህቴን ውስጥ አየሁ! ጥቁርና ነጭ ነው። ዶክተሯ ጣቷን ስታንቀሳቅስ ሆዷ እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ይገለጣል፤ ከላይ ወደ ታች፣ ስስ ስስ። «ይኸ ጉበት ነው። ይኸ ሐሞት፤ ንጹሕ ነው። ይኸ ኩላሊት፤ ጠጠር የለም።» ሁሉም ነገር በቦታው ነው፣ ሁሉም ያምራል፣ ሰው ውስጡ እንዲህ የተደረደረ መሆኑን ማን ነገረኝ? ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«ይኸው አገኘሁህ» አለች ለሥዕሉ።

«ምን?»

«ትርፍ አንጀቷ። ወደ ኋላ ታጥፎ ከአንጀቱ ጀርባ ተደብቋል። አልትራሳውንዱ ያላየው ለዚህ ነው። እዚህ ጋ ተቀድዷል። እነዚህን ጥቁር ነጠብጣቦች ታያለህ? አየር ነው። አየር እዚህ መሆን አልነበረበትም። ይኸ ግራጫው ደግሞ መግል ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «መንገድ ላይ ሕመሙ ድንገት ቀንሶላት ነበር?»

«ለቀቀኝ አለች» አልሁ። «መርፌ ተወግታ ነበር። መርፌው ነው አሉ።»

«መርፌው የራሱን ረድቷል። ግን እንዲህ ነው፤ የተወጠረ ነገር ሲፈነዳ ውጥረቱ ይለቃል። ሕመምተኛው ዳንሁ ይላል፣ ቤተሰቡም ደስ ይለዋል። ያ ጊዜ አታላይ ነው። መግሉ መሰራጨት የሚጀምረው ያኔ ነው። ገና አልራቀም፤ በጊዜ መጥታችኋል።» ስልኩን አንሥታ ለቀዶ ሕክምና ክፍል ትናገር ጀመር።

ስትጨርስ ጠየቅኋት። «ዶክተር፣ ሌላ ሰው... ወንድሜ... እንዲሁ ለቀቀኝ ብሎ በነጋታው...»

ቸኩላለች፣ ግን ቆመች። «የእሱን ሆድ ሳላየው ይኸ ነው ልልህ አልችልም። ውሸት ይሆንብኛል። ግን ይሆናል። የሚሆን ነገር ነው» አለችኝ።

ይሆናል። ከዓመት ወዲህ ከሰማሁት ቃል ሁሉ የበለጠው ይኸ ነበር።

ዘምዘምን እየገፉ ሲወስዷት ጋሽ ከማል ጎን ለጎን እየሮጠ ይነግራታል፤ «ትርፍ አንጀት ነው አሉ። ትርፍ አንጀትሽ ፈንድቶ ነው።»

ራሷን ከትራሱ ቀና አደረገች። «ትርፍ? ዕድሜዬን ሙሉ በገበያ ትርፍ ስፈልግ ሆዴ ውስጥ ነበር እንዴ?»

አልጋውን የሚገፋው ሰውዬ ከሳቁ የተነሣ ከግድግዳ ሊያጋጫት ነበር። በሩ ተዘጋ።

መጠበቅ ነው ቀጥሎ። ጋሽ ከማል ኮሪደሩ ጥግ ላይ ጃኬቱን አንጥፎ ሰገደ። ታደሰ ከኋላው ቆሞ አማተበ፤ ሲጨርስ ጃኬቱን አራግፎ አለበሰው። እኔ በሩን ብቻ አያለሁ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው የሐኪሙ ፈገግታ ነው፤ ቃሉ ኋላ መጣ። «ታጥቦ ጸድቷል። ትድናለች።» ታደሰ አቅፎ ከመሬት አነሣኝ።

አሁን የቀረውን ስጽፍ ዘምዘም ትገድለኛለች። ግን ሳልጽፈው አልቀርም።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪሞቹ ምግብ አይፈቅዱም። አንድ ነገር እስኪሆን ድረስ። በማግሥቱ ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ «አየር ወጣ?» አላት።

«የምን አየር?»

ሐኪሙ ወደ ነርሷ አየ። ነርሷ «ፈስ ነዋ እናቴ» አለች፣ ጮክ ብላ።

ጋሽ ከማል ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እናንተም ታውቃላችሁ፤ በእኛ አገር በዚህ ነገር የተነሣ ቀዬ ጥሎ የጠፋ ሰው ይነገራል። «አፈር በበላሁ!» አለች ዘምዘም። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። አንጀቷ ተደናግጦ ተኝቷል፣ ሲነቃ የሚያስታውቀው በዚያ ነው፣ እስከዚያ ውኃም በልክ ነው አላት።

ከጎኗ ከማሻ የመጡ እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ባልቴት ተኝተዋል፤ እሳቸውም በሆዳቸው ነው የመጡት። ወደ ዘምዘም ዞረው «ልጄ፣ አትፈሪ። እኔ ለማርያም ተስዬ ነው ያገኘኋት። ተሳይ» አሏት።

«ለፈስ ስለት እሳላለሁ እማማ?»

«ሳትሳይ ብትመጣ ምን አለ! አልመጣችም እኮ።»

ያን ቀን አልመጣም። ሐኪሙ ሲያልፍ ይጠይቃል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ጋሽ ከማል ያስባል። ታደሰ ከመካነ ሰላም እየደወለ «ወጣ?» ይላል። በሕይወቴ ስለዚህ ነገር ዱዓ አደርጋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አደረግሁ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በዓይኗ ጠራችኝ። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

«ወጣ» አለች።

«ምኑ?»

«ምኑ ይለኛል ደግሞ! ነርሷን ጥራ ብዬሃለሁ!»

እማማ ጥሩነሽ ግን ጆሯቸው አይጣል ነው። «እልልልል!» አሉ ከአልጋቸው። ማዶ ያሉት ሁለት ሴቶች ተቀበሏቸው። ጋሽ ከማል ከደጅ እየሮጠ ገብቶ ነገሩ ሲገባው «አልሀምዱሊላህ!» አለ፣ እንደ ሙአዚን። ዘምዘም አንሶላውን ፊቷ ላይ ሳበች፤ አንሶላው ከሳቋ የተነሣ ይንቀጠቀጣል፣ በመሀል «ስፌቴ! አታስቁኝ፣ ስፌቴ!» ትላለች።

እኔም ሳቅሁ። አያ ሙሄ ከሞተ ጀምሮ አልሳቅሁም ነበር። ሳቁ ሳይቆም ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ግን ማንም ዝም በል አላለኝም።

ቤት ስንመለስ ለእማ ሁሉንም ነገርኋት። አያ ሙሄ በስልክ ያለኝን ቃል፣ ዶክተሯ «ይሆናል» ያለችውን።

«እንግዲያ የሰው ዓይን አይደለም የገደለው?» አለች እማ።

«ሐኪሟም በእርግጥ አላውቅም ብላለች እማ። ግን የሰው ዓይን አይመስለኝም።»

«ወይ ጉዴ!» አለች። «ዓመቱን ሙሉ በሰው ዓይን ላይ ዓይኔን ጥዬ ኖርሁ።» ያን ሌሊት፣ ሰው በከንቱ የመጠርጠር ኀጢአት እንደወረደላት ሁሉ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሆድ ለቆረጠው ሁሉ ሲቲ ስካን ይነሣ አልልም፤ ዶክተሯም ጨረር ስለሆነ በዋዛ አይታዘዝም፣ አስቀድሞ የሐኪም እጅ፣ ሽንት፣ ደም፣ አልትራሳውንድ አለ ብላኛለች። እኔ የማውቀው አንድ መንገድና አንድ ቃል ነው። አሁንም ብዙ አልናገርም። ነገር ግን ስናገር የሰው ዓይን አያስቆመኝም፤ ይኸ ነው የተለወጠብኝ። ሆዱን ይዞ ሲገላበጥ የዋለ ሰው ድንገት ስቆ «ለቀቀኝ» ሲላችሁ፣ ደስ ይበላችሁ።

መኪናውን ግን አታዙሩ።